አስፋልት ላይ የተጣለ ቅጠል

ፏፏቴው ከዋናው አስፋልት ብዙም አይርቅም። ደጀን ይህን የሚያውቀው ግን በሰሌዳ ብቻ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ ሲመጣ፣ ባዶውን ሲመለስ፣ የአዋሽ ፓርክን በር የሚያመለክተውን ሰሌዳ ስንት ዘመን ሙሉ አልፎታል፤ ቀለም ተቀብቶ አይቶታል፣ ፀሐይ ልሶት አይቶታል፣ እንደገና ተቀብቶም አይቶታል። ውሃውን ግን አንድም ቀን አላየም። እሱስ ባያይ ግድ የለም። ክፋቱ «አሳይሻለሁ» ብሎ ለልጁ ቃል መግባቱ ነው። ያኔ ራኬብ የወተት ጥርሷ ይነቃነቅ ነበር። አሁን ሰመራ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ሆናለች፤ እጮኛ ይዛለች፤ እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ሊመጣ ነው።

የደጀንን ሆድ የሚበላው ይኸው እሑድ ነው። ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቱ አባት ይቀመጣል። የመጡት ቆመው ይለምናሉ፤ አባት ጉሮሮውን ጠርጎ «እስቲ ተቀመጡ» ይላል፣ ከየት እንደመጡ እያወቀ ከየት መጣችሁ ይላል፣ ትንሽ ያንቀረፍፋቸዋል፣ በመጨረሻ «እንመካከርና እንነግራችኋለን» ብሎ ይሸኛቸዋል። ይህች የአባት ወግ ናት። በዕድሜው ለልጁ ሌላ ምንም ያላደረገ አባት እንኳ ይህችን አይነፈግም። ባለፈው ሳምንት ግን የቀድሞ ሚስቱ ውብነሽ ከአዋሽ ደወለችለት።

«ነገረችኝ ብለህ እንዳትቀየመኝ» አለችው። «ልጅቷ አጎቴ ይቀመጥልኝ እያለች ነው።»

አጎት የተባለው የውብነሽ ወንድም ወልደ ኢየሱስ ነው። አዋሽ ላይ መምህር፣ በሰዓቱ ወጥቶ በሰዓቱ የሚገባ፣ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ካለችው መንገድ በቀር መንገድ የማያውቅ ሰው።

«ለምን?» አላት ደጀን።

«ለምን ትለኛለህ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ለምኑንማ እሱም አያጣውም። ራኬብ ስትመረቅ የደረሰው ወንበሩ ተነሥቶ አዳራሹ ሲጠረግ ነበር። ሚሌ አጠገብ አንድ የማያውቀው ሾፌር ፍሬን ይዞበት፣ እሱን ሲያነሳ ዋለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ ግራሶ በነካው ሸሚዝ አበባ ታቅፎ በር ላይ ቆመ። ክርስትናዋ ቀን ገዋኔ ላይ ነበር፤ የልደቷን ቀን አንዱን በረሃ ላይ ሰርዶ ከተማ አሳልፎ፣ አንዱን ደግሞ የት እንዳሳለፈው እንኳ አያስታውስም። ሁልጊዜ ምክንያት ነበረው፤ ሁልጊዜም ምክንያቱ እውነት ነበር። ይህ ነው የሚያናድደው፤ አንድ ቀን እንኳ ዋሽቷት ቢሆን ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር ያገኝ ነበር። ውብነሽ ስትፈታው ለሽማግሌዎቹ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይኼ ሰው ለመንገድ ሰው ሁሉ አባት ነው፤ እቤት ግን የለም» አለች።

ስለዚህ ደጀን ቆረጠ። እሑድ ሳይደርስ ያቺን አሮጌ ቃሉን ይፈጽማል። ቃሉን ከፈጸመ ልጅቷ ታየዋለች፣ ካየችው ሐሳቧን ትለውጣለች፣ ወንበሩም የባለቤቱ ይሆናል። ረቡዕ ንጋት ላይ ጭነቱን እንደያዘ ሰመራ ገባና ራኬብን ከነሻንጣዋ ጋቢና አሳፈራት። ወደ እናቷ ቤት ነው የምትሄደው። ስለ እሑዱ የሚያውቅ አልመሰለም፤ እሷም አላነሳችበትም።

«ዛሬ ፏፏቴውን ሳላሳይሽ እቤት አትገቢም» አላት ሚሌን እንዳለፉ።

«ይቅር አባ። ሙቀቱን አታየውም? ጭነትም ይዘሃል።»

«አይቀርም።»

«ልጅ አይደለሁም እኮ አሁን።»

«እኔም ገና ሽማግሌ አልሆንኩም» አለ፤ ቃሉ ካፉ እንደወጣ ምላሱን ነከሰ።

ራኬብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ውጭ ያለው ሜዳ ጠጠርና ቁጥቋጦ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም፤ እሷ ግን ብዙ አየችው።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እንሂድ። እኔም የምነግርህ ነገር አለኝ።»

የምትነግረውን ያውቀዋል። ከመናገሯ በፊት ውሃውን ማሳየት አለበት። ነዳጁን ረገጠ።

ገዋኔን፣ አዋሽ አርባን አለፈ፤ አዋሽ ከተማንም ሰንጥቆ ወጣና ቀኑ ጋም ሲል ፓርኩ በር ላይ ከነተሳቢው ተገተረ። ጠባቂው ከጥላው ሥር ተነሥቶ መጣ። መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ፣ ከኋላ እስከ ፊት በእርጋታ ተመለከተው።

«ወዴት ነው?»

«ፏፏቴ።»

«በዚህ?»

«እሺ እዚህ አቁሜው በእግር እንግባ።»

«በእግር አይፈቀድም ወንድሜ፤ አውሬ አለ።»

«ባጃጅ ልጥራ?»

«ባጃጅም አይገባም። ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ይዘህ ብትመጣ ደስ ይለናል። ብቻ አመሻሽ ላይ እንደምንዘጋ አትርሳ።»

ደጀን ጥርሱን ነከሰ። ያን ሁሉ ጎማ ከባሕሩ ጠረፍ እስከ ደጋ የሚያሽከረክር ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር የምታደርሰው መኪና አጣ። ጠባቂው ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ የሚሰድበው ያገኝ ነበር። ሰውየው ግን ለራኬብ ከጥላው ሥር ወንበር ሊያወጣላት ሁሉ ቃጣው።

ፒክአፕ ያለው አህመዲን ነው፤ የድሮ ወዳጁ፣ ጋራዡ ያለው ደግሞ አሁን ጥለዋት በመጡት አዋሽ አርባ። ሳቢና ተሳቢ እንደ ባጃጅ ባለበት አይዞርም። መዞሪያ ፍለጋ ወደ መተሐራ ጥቂት ነዳ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ከተማው ውስጥ ገባ። ወደ ውብነሽ ቤት የሚያስገባው ቅያስ ጋ ሲደርሱ ራኬብ ሻንጣዋን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«እዚህ ልውረድ?»

«አትወርጂም አልኩሽ።»

አህመዲን የቀትሩን ሰላት፣ ዙሁርን፣ እየሰገደ ነበር። ደጀን ከጋራዡ አጥር ጥግ ቆሞ በእጁ ቁልፍ እያሽከረከረ ጠበቀ፤ ሰላት ላይ ያለ ሰው አይጠራም። አህመዲን ጨርሶ ሲመጣ ነገሩን ሰማና ፈገግ አለ።

«ፒክአፗን? ለአንተ ያልሆነች ለማን ልትሆን። ግን ልጅህን ይዘህ መጥተህ ሳትበሉ፣ ወላሂ ቁልፉን አልሰጥህም።»

«አህመዲን፣ ይመሽብኛል።»

«በባዶ ሆድ ነው የሚመሸው። ቢስሚላህ በሉ።»

ደጀን ሩዙን ሳያኝክ ዋጠው። በየመሃሉ ስልኩ ይጮሃል፤ የድርጅቱ ስምሪት ክፍል ነው፤ መኪናው ለምን እንደቆመ ሊጠይቁት ነው። ዘጋው። ራኬብ ግን ተረጋግታ በላች። ሥጋውን እየለየች፣ ውሃ እየተጎነጨች፣ ከአህመዲን ሚስት ጋር ስለ ሰመራ ቤት ኪራይ እያወራች በላች። ይህም አናደደው። ለእሷ ሲል ነው እኮ የሚቃጠለው፤ ምናለ ትንሽ እንኳ ብትጣደፍለት።

ፒክአፗ የግራ በሯ በሽቦ የታሰረ፣ መስኮቷ የማይዘጋ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቧት ጥርሷን እንዳመማት ሴት የምታቃስት ናት። ብቻ ትሄዳለች፤ ትልቁን መኪና ጋራዡ ጋ ትተው ተነሱ። ጠባቂው በሩን ከፈተላቸው፤ «አሁን ገና» አለ። አቧራማው መንገድ ላይ ሲገቡ ሜዳው ተዘረጋ፤ ሳላዎች በቀጫጭን ቀንዶቻቸው ቀና ብለው አዩዋቸውና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። ራኬብ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ያቺ ግልገል ናት?» አለች። «አየሃት? ከእናቷ ሆድ ሥር ያለችው።»

«አየኋት» አለ ደጀን። ሳላዋን አላያትም፤ ያየው የልጁን ጥርስ ነው። ከሰመራ ከተነሱ የመጀመሪያው ሳቋ ነበር። ነገሩ መስመር እየያዘ መሰለው። ከዚህ በኋላ ውሃው ነው፤ ውሃውን ካየች ደግሞ አበቃ።

መታጠፊያው ላይ ቅጠል ነበር።

ሁለት የግራር ቅርንጫፍ፣ ገና ያልጠወለገ፣ መንገዱ መሃል ተጋድሟል። ለማያውቅ ሰው ፍየል ያራገፈችው ቅጠል ነው። ሾፌር ግን ያውቀዋል። መኪና ሲቆምበት ከፊትም ከኋላም ቅጠል ቆርጦ ይጥላል፤ ያ ቅጠል ለሚመጣው ሁሉ «ተጠንቀቅ፣ ሰው ተቸግሯል» ይላል። ብዙው ሾፌር ይጠነቀቅና ያልፋል። ደጀን ጀማሪ ሳለ ሰርዶ አጠገብ በበረሃ ቆሞ፣ የጣለው ቅጠል ደርቆ እስኪበን ሰው ሁሉ ሲያልፈው አይቷል። ከዚያ ወዲያ ቅጠል አይቶ አልፎ አያውቅም። አሁንም አላሰበበትም። ለማመን ያስቸግር ይሆናል፤ እውነቱ ግን ያቆመው እግሩ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሽቦ የታሰረውን በር ትቶ በመስኮቱ ወጥቶ ሲሄድ፣ ራኬብ ገና ሳላዋን ወደ ኋላ እያየች ነበር።

የቆሙት ኢስማኤል የሚባል የአፋር ሰውና ሚስቱ ነኢማ ናቸው። ከሰመራ መጥተው ፏፏቴውን አይተው ሲመለሱ ነው። የአሮጌ ላንድክሩዘራቸው ክዳን ተከፍቶ እንፋሎት ይተፋል። ሁለት ሕፃናት ከመኪናው ጥላ ሥር ተኝተዋል።

«ማኒኮቶው ፈነዳ» አለ ኢስማኤል። «ይኼ የራዲያተሩ ጎማ። የያዝነውን ውሃ ሁሉ ጠጥቶ ጨረሰ።»

«ትንሽ ነገር ነው» አለ ደጀን።

ትንሽ አልነበረም። ከፒክአፗ ኋላ የአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ፈልጎ አገኘ፣ በልኩ ቆርጦ ጠመጠመው፣ በሽቦ አሰረው፣ ከፒክአፗ ጄሪካን ውሃ ሞላ። ሞተሩ ተነሳ። ማኒኮቶው በሌላ በኩል ፈነዳና ውሃው ደጀን ፊት ላይ ተረጨ። እንደገና እስኪበርድ ጠበቁ። እንደገና ቆረጠ፣ እንደገና ጠመጠመ። ጄሪካኑ አልቆ ነበር። ደጀን ወደ ፒክአፗ መጥቶ፣ ራኬብ ጉልበቷ ላይ የያዘችውን የሃይላንድ ውሃ ከእጇ ላይ ወሰደና ተመለሰ። ክዳኑን እየከፈተ ነበር የሚራመደው። ራኬብ የውሃው ጠርሙስ የነበረበትን እጇን እንደከፈተች ቀረች።

ቆይቶ ነኢማ ወደ ራኬብ መጣች።

«አባትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«አላህ ያቆይልሽ። ስንት መኪና እንዳለፈን ብነግርሽ አታምኝም። እንዲህ ያለ አባት ያላት ልጅ የታደለች ናት።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላሉ» አለች ራኬብ።

ክዳኑ ሥር ያጎነበሰው ደጀን ሰማ። አነጋገሯ ቁጣ የለበትም፣ እሱ ነው የባሰው፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው። ያኔ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። የት ሄደች? አሁን አናት ላይ አልነበረችም እንዴ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው ብሎ ራሱን ረገመ፤ እጁ ግን ሽቦውን ማጥበቁን አልተወም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር። በግማሽ የታሰረ ነገር ጥሎ መሄድ ደግሞ እሱ አይችልበትም።

ኢስማኤል እጁን ይዞ ብዙ መረቀው። ላንድክሩዘሩ ቀስ እያለ ሄደ። ደጀን ፒክአፗ ውስጥ በመስኮት ተመልሶ ሲገባ ራኬብን ቀጥታ ሊያያት አልደፈረም።

«አሁን እንደርሳለን» አለ።



ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሰው እያስወጣ ነበር።

«ዘግተናል ጋሼ።»

«እባክህ ወንድሜ። ልጄ ናት። ከሰመራ ነው የመጣነው።»

ሠራተኛው ራኬብን አያትና «ቶሎ በሉ እሺ፣ አይታችሁ ውጡ» አለ።

በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ደጀን ስንት ጊዜ በሐሳቡ አይቶታል ይህን ውሃ። ሲንደረደር፣ ሲያጓራ፣ ጉሙ ፊት ሲያረጥብ፣ ልጁ እጁን ጨብጣ «አባ፣ አየኸው?» ስትል። ዳር ላይ ደርሶ ቆመ። በጋ ነው፤ ወንዙ ቀጥኗል። ወተት ያነሰው ሻይ የመሰለ ውሃ በሁለት በሦስት ቦታ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ የቀረው ዓለት ደረቅ ነው። ከታች ኩሬው ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሽከረከራል። ማዶ አንድ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል።

«ይኼ ነው?» አለ ደጀን።

«ክረምት ላይ ነው መምጣት» አለ ሠራተኛው ከላይ ሆኖ።

ደጀን ሳቅም መጣበት፣ ንዴትም መጣበት። ይህን ያህል ዘመን ቃል አድርጎ የተሸከመው ይህን ነው። ለዚህ ነው በሩ ላይ የተለማመጠው፣ የአህመዲንን ሩዝ ሳያኝክ የዋጠው፣ ስምሪቱን የዘጋበት። ድንጋይ አንሥቶ ወደ ውሃው ወረወረ። ድምፁ እንኳ አልተሰማም።

«ቆንጆ ነው አባ» አለች ራኬብ። ልታጽናናው እንደሆነ ገባው፤ ይህም የባሰ ሆነበት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ «የእሑዱን ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለች።

«አውቄዋለሁ። እናትሽ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ዝም አልክ?»

«ውሃውን ካየሽ ሐሳብሽን የምትለውጪ መስሎኝ ነው» አለ ደጀን። «ቃሌን ከፈጸምኩ እንደ አባት የምታይኝ መስሎኝ ነው። ወንበሩን እፈልገዋለሁ ራኬብ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ራኬብ የጫማዋን አቧራ በጣቷ ጠረገች። ስትናገር ድምፇ ዝቅ ያለ ነበር።

«ሰዎቹ በር ላይ ቆመው፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ የመኪና ድምፅ ልጠብቅ? መጣ አልመጣ እያልኩ? አልችልም አባ። ጠብቄ ጠብቄ ደክሞኛል። አጎቴ ይመጣል። የሚመጣ ሰው ስለሆነ ብቻ ነው የጠየቅሁት።»

ደጀን አዘነ፤ በጣም አዘነ፤ ሐዘኑን የሚያሳርፍበት ሰው ደግሞ ከራሱ በቀር አላገኘም። ከላይ ሠራተኛው አፏጨላቸው።

ከፓርኩ ሲወጡ ፀሐይዋ ከፈንታሌ ተራራ ጀርባ ገብታ ነበር። ደጀን ወደ አዋሽ ታጠፈ። የፒክአፗ መብራት አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ብዙም አልሄዱም፣ አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ፤ ከሱ ወዲያ ፊቱን ወደ አዋሽ ያደረገ ባለተሳቢ መኪና ጎኑን ዘንበል አድርጎ ቆሟል።

«አባ፣ ቅጠል።»

«አይቻለሁ።»

አንድ ሰው ከተሳቢው አጠገብ ብድግ ብሎ እጁን አነሳ። ደጀን ዓይኑን ፊት ለፊት ተክሎ፣ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አለፈው። በመስተዋቱ የሰውየው እጅ ቀስ እያለ ሲወርድ አየ።

«አላቆምክም» አለች ራኬብ።

«አላቆምኩም።»

«ለምን?»

ያኔ ደጀን ገነፈለ። ቀኑን ሙሉ የዋጠው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። «ለምን ትይኛለሽ? ላንቺ ብዬ ነዋ። ባቆም ጥፋተኛ፣ ባላቆም ጥፋተኛ። ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትሉኝ፣ አንቺም እናትሽም?»

ራኬብ ወደ ኋላ ዞራ፣ በጨለማ እየተዋጠ ያለውን መኪና አየች። ከዚያ ወደ አባቷ ተመለሰች።

«ስለምታቆም ተቀይሜህ አላውቅም» አለች። «ልጅ ሆኜ ለጓደኞቼ፣ አባቴ ማንንም መንገድ ላይ ጥሎ አያልፍም እያልኩ እኮራ ነበር። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ዛሬም ሞተሩን አጥፍተህ ወረድክ። የምጠጣውን ውሃ ከእጄ ወስደህ ሄድክ። እዚያ መቀመጤን ረስተኸው ነበር አባ። ራኬብ፣ ላቁም ወይ ማለት ምን ይከብዳል? አቁም እል ነበር እኮ። ሁልጊዜም አቁም እል ነበር።»

ደጀን እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ፒክአፗ እየተንገራገጨች ቀዘቀዘች። ይህ ሁሉ ዘመን ምክንያቱን ሲቆጥር፣ እውነት መሆኑን ሲምል፣ ይህች ነገር አንድ ጊዜ ታይታው አታውቅም። ያሳፈረው ቀላል መሆኗ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ራኬብ» አለ። «ላቁም?»

«አቁም።»

«ይመሽብናል። እናትሽም ትጠብቃለች።»

«እደውልላታለሁ። አቁም።»

የኋላ ማርሽ ሲያስገባት ፒክአፗ ጮኸች። በአንድ መብራቷ፣ ወደ ኋላ እየተንገዳገደች፣ ቅጠሉ እስካለበት ድረስ ተመለሰች። ሰውየው ቆሞ ያያቸዋል፤ ያለፈ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ስሙ ደስታው ይባላል፤ ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ገላፊ ነው የሚሄደው። የተሳቢው የኋላ ጎማ ፈንድቷል፤ መለዋወጫ አለው፤ ቡሎኖቹ ግን ዝገው አልፈታ ብለውታል፤ ሲታገል እጁ ተልጧል። ደጀን ካርቶን አንጥፎ ተንበረከከ። ራኬብ ሳይጠራት ወረደች፤ የስልኳን መብራት አብርታ ከኋላው ቆመች።

«ልጅህ ናት?» አለ ደስታው።

«ልጄ ናት። እሑድ ሽማግሌ ይመጣላታል።»

«እንኳን ደስ ያለህ። ተቀማጩ አንተ ነሃ።»

ደጀን ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አግጥሞ በሁለት እጁ ተጫነው። ቡሎኑ አልተነቃነቀም። ደስታው ያልሆነ ነገር የተናገረ መሰለው።

«እሱ ነው የሚቀመጠው» አለች ራኬብ።

የደጀን እጅ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ሽማግሌዎቹ ሳይገቡ ከደረሰ ነው» አለች አሁንም ለደስታው። «ካልደረሰ አጎቴ ይቀመጣል፤ ማንንም አላስጠብቅም። ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ቅጠል ካየ አያልፍም፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አንተ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከዚህ እስከ ገላፊ የምታገኛቸውን ሾፌሮች ሁሉ ንገርልኝ። እሑድ ጠዋት ማንም እንዳይበላሽ።»

ደስታው ሊስቅ ነበር። በስልኩ መብራት ፊቷን ሲያየው ተወው። የተላጠ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ ትንሽ አሰበበት።

«ዛሬ ባይሆን ነገ ሰርዶ አድራለሁ» አለ። «እዚያ ያልቆመ ሾፌር የለም፤ ለሁሉም እነግራለሁ። ወደ ሞጆ ለሚመለሱትም አደራ እላቸዋለሁ። እኔ ራሴ እሑድ ብበላሽ ቅጠል አልቆርጥም። ጋቢናዬ ውስጥ ተኝቼ አባትሽ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።»

ደጀን ከጎማው ሥር ቀና አላለም። ቀና ቢል ፊቱ ይታይበታል። ቡሎኑ አሁንም አልፈታ ብሎታል፤ ዓይኑም በደንብ አላይ ብሎታል።

«ራኬብ» አለ። «መብራቱን ዝቅ ታደርጊልኛለሽ?»

አጠገቡ ተንበርክካ ዝቅ አደረገችለት።